ስለ መዥገርና ስለ ግጦሽ መሬት

በመቱ፥ በጎሬ፥ በያዮና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች የባላገር ሀብቱ ከብቱ ነው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ላም ከሌለች ለሕፃን ወተት የለም። ይህን ሀብት ቀስ በቀስ ከሚያጠፉት ጠላቶች አንዱ መዥገር ነው። ትንሽ ስለ ሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ደም መጥጦ ከብትን ያከሳል፤ የላምን ግት ያቆስላል፤ ቆዳን በስቶ ዋጋውን ያሳንሳል። ከሁሉ የከፋው ግን በሽታን ማስተላለፉ ነው። ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት፥ የቴክሳስ ትኩሳት የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን መርምረው በ1893 በፈረንጅ አቆጣጠር አስታወቁ።

የኢሉባቦር ምድር ዝናበ ብዙ፥ ሣሩም ለምለም ስለ ሆነ ለመዥገር ይመቸዋል። በዚህ አገር ከብት ላይ አብዝቶ የሚገኘው ሊቃውንት አምብሊዮማ ኮሄረንስ የሚሉት ዓይነት ነው። ኑሮውም እንዲህ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር አለው። ከሣር ላይ ሆኖ የሚያልፈውን እንስሳ ይጠብቃል፤ ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ወደ መሬት ይወድቃል፤ በዚያም ቆዳውን ለውጦ ስምንት እግር ያለው ይሆናል። ሁለተኛም በእንስሳ ላይ ተጣብቆ ይጠጣል፤ ወድቆም ሙሉ መዥገር ይሆናል። ሦስተኛም ይጣበቃል፤ ሴቲቱም ጠግባ ስትወድቅ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። እንግዲህ በከብት ላይ የምናየው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው በግጦሹ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ስለዚህ እረኛ መዥገርን ነቅሎ በሣር ላይ ቢጥል፥ በሬውን ለዛሬ አሳረፈው እንጂ ለከርሞ በገዛ መሬቱ ላይ መዥገር ዘራ ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን ቀጥሎ ያለውን ማድረግ ይገባል።

1ኛ፤ ከብት ማታ ወደ በረት ሲገባ ጆሮውን፥ ደረቱን፥ ብሽሽቱን፥ ግቱንና የጅራቱን ሥር መመልከት።

2ኛ፤ የተነቀለውን ወደ እሳት መጣል። በሰው ላይም በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል በባዶ ጣት ማፍረጥ አይገባም።

3ኛ፤ የመዥገር መድኃኒትን የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው መጠን ብቻ መርጨት። እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን መዥገሩን መድኃኒቱን ያስለምደዋል፤ ማብዛትም ከብቱንና ረጪውን ይጎዳል።

4ኛ፤ ግጦሽን ከፍሎ በተራ ማሰማራት። መዥገር ሳይበላ አያሌ ወራት ስለሚቆይ ጥቂት ሳምንት ማሳረፍ አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱን ክፍል አርሶ እህል መዝራት ይሻላል።

ሽማግሌዎችም ይህን ያስተውሉ፤ መስኩ የጋራ ከሆነ አንዱ ከብቱን ቢያጸዳና ጎረቤቱ ቢተው ድካሙ ከንቱ ነው። መንደርተኛው ሁሉ ተስማምቶ በአንድ ቀን እንዲያስረጭ መምከር የእናንተ ፈንታ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤ ይህ መዥገር በዕድሜው ስንት ጊዜ ወደ መሬት ይወድቃል? ነቅሎ በሣር ላይ መጣል ጉዳቱ ምንድር ነው?