በመስታወት ሆድ ውስጥ ቦይ ለምትቀድድ ልጄ

ልጄ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስተህ ምሕንድስና ልትማር እንደሆነ፣ ልብህም ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮችን በሲሊከንና በመስታወት ውስጥ መቅደድ ላይ እንዳረፈ ሰማሁ። እሰየው! ከመሄድህ በፊት ጥቂት ልምከርህ።

1. ትምህርቱን እንደ ባዕድ ነገር አትየው። በፈንታሌ አካባቢ የምታገኘው ባልጩት እሳተ ገሞራ የሠራው መስታወት ነው። አብዛኛው አካሉ ሲሊከንና ኦክስጅን ነው፤ የቤተ ሙከራው መስታወትም እንደዚያው።

2. አሠራሩን ከሥሩ እወቅ። በሲሊከን ላይ ቦዩ ከላይ ይቀደድና መስታወት ይከደንበታል፤ ሁለቱ ያለ ሙጫ በ400 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ይጣበቃሉ። በ1981 እ.ኤ.አ. ተከርማንና ፒዝ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 50 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው እንዲህ ያሉ ቦዮች ውሃ አሳልፈው ቺፕ አቀዝቅዘዋል። በንጹሕ መስታወት ግን መክደኛም ላያስፈልግ ይችላል። እጅግ አጭር ብልጭታ ያለው ሌዘር ላይኛውን ገጽ ሳይነካ በውስጡ መስመር ያሰምራል፤ አሲድ ያንን መስመር ከሌላው ቀድሞ ሲበላው ቦዩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

3. አደራህን፣ ያንን አሲድ ፍራው! ስሙ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። መስታወት ስለሚበላ የሚቀመጠው በፕላስቲክ ዕቃ ነው። በውሃ የቀጠነው አሲድ ቆዳህን ሲነካ ወዲያው ላያምህ ይችላል፤ ግን ዘልቆ የሰውነትህን ካልሲየም ይሻማል፣ ልብንም እስከ ማቆም ይደርሳል። የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገብህ ከሌለ ጠርሙሱን አትክፈት። ብቻህንም አትሥራ፤ የሚያጣድፍህ አለቃ ቢኖር እንኳ እምቢ በል።

4. የሸለቆውን ውሃ አትርሳ። በዚያ አሲድ ውስጥ ሆኖ መስታወቱን የሚቦረቡረው ፍሎሪን በፍሎራይድ መልክ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ ስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆችን የበለዘ ጥርስ በወንጂም በመተሐራም ታየዋለህ። ሲብስ አጥንት ያጎብጣል። አንዲት የውሃ ጠብታ ከቀለም መለያ ጋር በቀጭን ቦይ አገናኝቶ የፍሎራይዱን መጠን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚናገር መሣሪያ መዳፍ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጉልበትህን እዚህ ላይ አውለው።

5. የአዋሽ ውሃ ደለል አለው። ቦይህን አንዲት ቅንጣት ወይም አንዲት የአየር አረፋ ትደፍነዋለች፤ ማጣሪያውን ከመጀመሪያው አብረህ ንደፍ። መሣሪያው ሲያልቅም ወደ እኛ ይዘኸው ና፤ ጉድጓዶቻችንን አንድ በአንድ እንለካቸው።