የሰፈራችን ወጣቶች የት ይጫወቱ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መጫወቻ ቦታ ነው። «ይህ ደግሞ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?» እንዳትሉን፤ በጣም ይገናኛል።

እስቲ ከዐስር ሰላት በኋላ በሰፈራችሁ ዞር ዞር በሉ። የአዲስ አበባ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይጫወቱባቸው የነበሩ ብዙ ሜዳዎች ዛሬ ሕንፃ ተሠርቶባቸዋል። ጫት ቤቱና ሺሻ ቤቱ ግን በራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አንድ ወጣት እዚያ የሚገባው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን መዋያ ስላጣ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱን እንመልከት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ምግብና እንቅልፍ አብዝቶ ያስፈልገዋል። የሺሻ ጭስ «በውኃ ስለሚጣራ አይጎዳም» የሚባለውም ስህተት ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ አለባቸው። ይህም ልብንና አጥንትን ያጠነክራል፣ ጭንቀትን ይቀንሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የመስጂድና የመድረሳ ኮሚቴዎች ግቢያቸው ሰፊ ከሆነ ከዐስር እስከ መግሪብ ላለው ጊዜ ለልጆች ጨዋታ ቦታ ይመድቡ። የሰጋጆችን ጸጥታ መጠበቅም አይዘንጋ።
2. ወላጆች ተሰባስበው ትምህርት ቤቶች ሜዳቸውን ቅዳሜና እሁድ እንዲከፍቱ ይጠይቁ፤ ጥበቃና ጽዳቱንም ይጋሩ።
3. ሴት ልጆቻችንን አንርሳ። አጥንታቸው የሚጠነክረው በዚሁ ዕድሜ ነውና ተከልለው የሚጫወቱበት ሰዓትና ቦታ ይመቻችላቸው። ገመድ ዝላይ ጠባብ ግቢም ይበቃዋል።
4. ከጨዋታ በኋላ ውኃ ስጧቸው። በ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም 7 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ቆሎ ወይም ሙዝ ጥሩ መክሰስ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን አስተምረውናል። ወጣቱ ሁለቱም አሉት። ልጃችን ጫት ቤት ሲገባ ስናይ ከመቆጣታችን በፊት «ሌላ የት እንዲሄድ አድርገንለት ነበር?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሚን!