የማይታይ ዕቃ የሚያመርቱ ቡድኖች እንዴት ይማራሉ? የሁምቦ ማኅበራትና የሶፍትዌር ሥራ

ገንዘቡን በሕንፃ ላይ ያዋለ ሰው ጠዋት ሄዶ የተነሣውን ግድግዳ ቆሞ ያያል፡፡ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ፈትቶ ይዘግናል፣ ያሸታል፡፡ ሶፍትዌር ያሠራ ባለሀብት ግን የሚያየውም የሚዳስሰውም ነገር የለም፡፡ ስድስት ወር ሙሉ «እየተሠራ ነው» ይባላል፤ በሰባተኛው ወር የሚረከበው ፕሮግራም ወይ ሒሳብ አይዘጋም፣ ወይ ደንበኞቹ ሊጠቀሙበት አይችሉም፡፡ በዚህን ጊዜ አብዛኛው አሠሪ የሚወስደው እርምጃ ባለሙያዎቹን መለወጥ ነው፡፡ ብዙውን ጊዜ ግን ጉድለቱ የችሎታ ሳይሆን ቡድኑ ከራሱ ሥራ የሚማርበት መንገድ አለመኖሩ ነው፡፡

ነገሩን ለማስረዳት ከኮምፒዩተር የራቀ የሚመስል ምሳሌ እንውሰድ፡፡ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ሁምቦ ወረዳ ገበሬዎች ለዓለም ገበያ ያቀረቡት እንዲሁ የማይታይ ዕቃ ነው፤ ካርቦን፡፡ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተይዞ እንዲያገግም ሲደረግ፣ ዛፎቹ ከአየር ስበው የሚያስቀሩት ካርቦን እየተለካ በቶን ይሸጥ ነበር፡፡ ገዢው የዓለም ባንክ የባዮ ካርቦን ፈንድ የነበረ ሲሆን የተዋዋለው 165,000 ቶን ለመግዛት ነው፡፡ በ30 ዓመት ውስጥ ደኑ ይይዛል ተብሎ የተገመተው ደግሞ ከ880,000 ቶን በላይ ነው፡፡ ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥልት ሲመዘገብ በአፍሪካ ከትልልቆቹ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነበር፡፡

ሥራው በአብዛኛው ችግኝ ተከላ አልነበረም፡፡ ዛፉ ተቆርጦ ቢያልቅም ጉቶው ሥር ሕይወት ነበረ፡፡ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች ጠንካራዎቹን መርጦ ማስቀረት፣ የቀሩትን መግረዝ፣ ከብት እንዳይገባ መከልከል፤ ዘዴው ይኸው ነው፡፡ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በ1980ዎቹ በኒጀር ከገበሬዎች ጋር ያስፋፋው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶለታል፡፡ በሁምቦ ያስተባበረው ወርልድ ቪዥን ነው፡፡ መጀመሪያ ላይ ገበሬው «መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ሠግቶ ነበር፡፡ ሥጋቱ የረገበው ማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነትና በመሬቱ የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ የሚተዳደሩበትን ደንብም ራሳቸው ሲያወጡ ነው፡፡

እዚህ ላይ ለነጋዴ ትኩረት የሚገባው የጊዜው አቆጣጠር ነው፡፡ የመጀመሪያው የካርቦን ሰርተፊኬት፣ ከ73,000 ቶን በላይ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፡፡ እሱም ቢሆን «ጊዜያዊ» የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ደኑ ቆሞ መገኘቱ በገለልተኛ መርማሪ በየአምስት ዓመቱ ካልተረጋገጠ አይታደስም ነበር፡፡ ገበሬው ይህን ብቻ እንዲጠብቅ ቢደረግ ኖሮ አንዱም ጉቶ ባልተረፈ ነበር፡፡ ነገር ግን ከብት በተከለከለበት መሬት ሣሩ ቶሎ ስለሚመለስ አጭዶ መውሰድ ተቻለ፤ ከግርዛቱም ማገዶ ተገኘ፡፡ የሠራው ሰው ቆርጦ ያስቀረው ቡቃያ ትክክል መሆን አለመሆኑን በሚቀጥለው ክረምት በዓይኑ ያያል፣ ካልሆነም ያርማል፡፡ የካርቦኑ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ማኅበራቱ እንደ እህል ወፍጮና ጎተራ ባሉ የጋራ ሥራዎች ላይ አዋሉት፡፡

የሶፍትዌር ሰዎች ወደዚሁ አሳብ የደረሱት በራሳቸው መንገድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች «አጃይል» የተባለውን የአሠራር መግለጫ አወጡ፡፡ ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠናቅቆ ከሚቀርብ ይልቅ በየጥቂት ሳምንቱ ወይም በየጥቂት ወሩ የሚሠራ ቁራጭ እየሆነ ለገዢው ይቅረብ ይላል፡፡ ከዚሁ ጋር ቡድኑ በየጊዜው ተቀምጦ አሠራሩን እንዲመረምርና እንዲያስተካክል ያዛል፡፡ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀርበው ቁራጭ ለሶፍትዌር ቡድን እንደ ሁምቦው ሣር ነው፡፡

ሁለተኛው ትእዛዝ በአገራችን በቀላሉ አይተከልም፡፡ «ግምገማ» የሚለው ቃል ለብዙ ሠራተኛ የሚያስታውሰው ጥፋተኛ የሚፈለግበትን፣ ሰው ከወንበሩ የሚነሣበትን ስብሰባ ነው፡፡ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ደግሞ ማንም ስሕተቱን አይናገርም፤ ስሕተት ካልተነገረ ቡድኑ የሚማረው የለም፡፡ ስለዚህ ጥያቄው «ማን አበላሸ?» ሳይሆን «አሠራራችን የቱ ላይ ይህ እንዲያልፍ ፈቀደ?» መሆን አለበት፡፡ አለቃው መጨረሻ ቢናገር ይመረጣል፤ እሱ ከተናገረ በኋላ የተለየ አሳብ የሚያመጣ ጥቂት ነውና፡፡ ደቦም ቢሆን ለዚህ መልስ አይሆንም፡፡ ደቦ ጉልበት ያስተባብራል እንጂ ማታ ጠላው ከተጠጣ በኋላ ስለ አስተራረሱ የሚጠይቅ የለም፡፡

የዚህ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፡፡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ የሥርዓት ብልሽት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ፡፡ ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ የተደረገ የተለመደ ማሻሻያ መሆኑንና ያላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደነበር አስታውቋል፤ በኋላም አብዛኛውን አስመልሷል፡፡ ከዚህ አንድ የሚያዝ ነገር አለ፡፡ ችግሩን ያመጣው እንግዳ ነገር ሳይሆን «የተለመደ» የተባለ ሥራ ነው፡፡ ማንም ቆም ብሎ የማይመረምረው ደግሞ ይኸው የተለመደው ሥራ ነው፡፡ ለውጥ ትንሽ በትንሹ ሲገባና አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ወደ ሥራ እንዳይውል ሲደረግ ስሕተት አይጠፋም፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያንሳል፡፡

እንግዲህ ሶፍትዌር የሚያሠራ ባለሀብት ምን ያድርግ? ክፍያውን በቀን ሳይሆን በሚሠራ ቁራጭ ይክፈል፤ የመጀመሪያውም ቁራጭ በአንድ ወር ውስጥ ይቅረብለት፡፡ ሲቀርብለት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን በፕሮግራሙ የሚጠቀመው ገንዘብ ያዥና መጋዘን ጠባቂ ይሞክሩት፤ ጉድለቱን የሚያገኙት እነሱ ናቸው፡፡ ቡድኑ በየሁለት ሳምንቱ ለአሠራር ምርመራ የሚቀመጥበትን ሰዓት እንደ ባከነ ጊዜ ቆጥሮ አይቀንስበት፡፡ የምርመራውን ቃለ ጉባኤ ለቅጣት ላለመጠቀምም ቃል ይግባ፤ ይህን ቃል ያፈረሰ አሠሪ ሁለተኛ እውነቱን የሚነግረው አያገኝም፡፡

በሁምቦና በሶፍትዌር ቤት መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፡፡ የማኅበሩ አባል ደኑ ሥር ይኖራል፤ የተማረውን ለልጁ ያሳያል፡፡ ፕሮግራም ጸሐፊው ግን የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ፣ ወይም ለውጭ ድርጅት በዶላር መሥራት ሲጀምር፣ እውቀቱን ይዞ ይሄዳል፡፡ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው የፕሮግራም ክፍል ካለ ያ ክፍል በሰውየው እጅ ያለ መያዣ ማለት ነው፡፡ ከመፈረም በፊት አሠሪው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ነገ ዋናው ባለሙያችሁ ቢለቅ ሥራውን የሚቀጥለው ማነው? ያ ሰውስ ባለፈው ወር በየትኛው ክፍል ላይ ሠርቷል?» የሚል ነው፡፡ መልሱ ስም ከሌለው ቅድሚያ ክፍያው ይቆይ፡፡