ቁጠባችንን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስናዛውር

እኛ የሒሳብ መምህራን በክፍል ውስጥ ስለ ወለድና ስለ መቶኛ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ገንዘቡ ተቀምጦ ስንት ይሆናል?» ብለን ነው። በካርቱም የሚኖር ቤተሰብ ግን ሌላም ጥያቄ አለበት። ወደ አገር ቤት ሲመለስ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ያጠራቀመውን ይዞ መነሣት አለበትና «ገንዘቡ ሲዛወር ስንት ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ዘንድሮ ይህን ጥያቄ በሦስት ምሳሌ እናያለን።

1. እቁብ

እቁባችን ወለድም ግብርም የለበትም። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 500 የሱዳን ፓውንድ ቢጥሉ የአንድ ዕጣ መጠን 12 × 500 = 6,000 ፓውንድ ነው። አንዲት አባል ዕጣ ሳይደርሳት ሰባት ወር ከፍላ መሄድ ቢኖርባት የጣለችው 7 × 500 = 3,500 ነው። ቦታዋን የሚረከብ ተተኪ 3,500ውን ለእርሷ ይሰጣል፤ የቀረውን 5 × 500 = 2,500 ለእቁቡ ይከፍላል፤ ዕጣው ሲደርሰው 6,000 ይወስዳል። ማንም አይጎዳም። ዕጣዋን አስቀድማ ወስዳ ከሆነ ደግሞ 2,500 ዕዳ አለባት፤ ሳትከፍል ብትሄድ ዋሷ ይከፍላል።

ከምናውቃቸው እናቶች አንዷ እንዲህ ያለ ቦታዋን ለቅርብ ወዳጇ በቃል ብቻ አስረከበች። ወዳጇ 1,500 ሰጥታ «ቀሪውን እልክልሻለሁ» አለቻት። በእቁቡ መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ሰብሳቢውም አልሰማም። 2,000ው ሳይላክ ቀረ። ያ ገንዘብ የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው አንድ ወረቀትና የሦስት ሰው ፊርማ ነው።

ወረቀቱ ሲጻፍ በካርቱም አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የገባው ዲናር 10 የድሮ ፓውንድ ነበር፤ በ2007 የገባው አዲሱ ፓውንድ ደግሞ 100 ዲናር ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ፓውንድ 10 × 100 = 1,000 የድሮ ፓውንድ ማለት ነው። በገበያ 1 ፓውንድን «አልፍ» ማለትም ሺህ፣ 1,000 ፓውንድን ደግሞ «ሚሊዮን» ሲሉ የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። በአፍ «ሁለት ሚሊዮን» የተባለ በወረቀት ላይ «2,000 (ሁለት ሺህ) ፓውንድ» ተብሎ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ።

2. በአገር ቤት ባንክ

በሱዳን ባንኮች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስልምና ሥርዓት ወደ መሥራት ስለተሸጋገሩ ተማሪዎቻችን ወለድን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ደግሞ ከቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ግብር ይቀነሳል።

20,000 ብር በ7 በመቶ ዓመቱን ቢቀመጥ ወለዱ 1,400 ብር ነው። ግብሩ የ1,400 5 በመቶ፣ ማለትም 70 ብር ነው። ለቆጣቢው 1,330 ብር ይደርሰዋል። ብዙ ተማሪዎች ግብሩን ከ20,000ው ላይ አስልተው 1,000 ብር ይቀንሳሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ግብሩ የሚነካው ወለዱን እንጂ ዋናውን ገንዘብ አይደለም።

ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲዛወርም ገንዘቡን በጥሬው አውጥቶ በቦርሳ ከመሸከም በቀጥታ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ማስተላለፍ ይሻላል። በመንገድ የመጥፋት ሥጋት አይኖርም፤ ደረሰኝም ይኖራል።

3. በእንግሊዝ

በለንደን ዘመድ ያላችሁ «አይሳ» ስለሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን ወለዱ ከግብር ነፃ ነው። በዓመት የሚገባው ገንዘብ ግን ጣሪያ አለው፤ ከ2017 ጀምሮ 20,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ነው። የተሻለ ወለድ ወዳለበት ባንክ መሄድ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ራሱ አያወጣም። አዲሱ ባንክ ዘንድ የማዛወሪያ ቅጽ ይሞላል፤ ሁለቱ ባንኮች ተነጋግረው ያዛውሩለታል። በጥሬ ገንዘብ አይሳ ይህ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ራሱ ቢያወጣው ግን ገንዘቡ ከግብር ነፃነቱን ያጣል፤ መልሶ ሲያስገባውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ቁጠባ ከዓመቱ ጣሪያ ላይ ይቆጠርበታል።

ሦስቱ ምሳሌዎች የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው። ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ተቀምጦ ሳለ ሳይሆን ከአንዱ ጠባቂ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ስለዚህ ከማዛወራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በመንገድ ላይ ገንዘቡ በማን እጅ ነው? ምን ያህል ይቀነሳል? በእጃችን የሚቀረው ወረቀት የትኛው ነው? ወላጆች፣ የእቁብ ደብተራችሁን ስትቆጥሩ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ ይደምሩላችሁ፣ ይጻፉላችሁ።

መልመጃ

ሀ) አሥር አባላት ባሉት እቁብ በየወሩ 400 ፓውንድ ይጣላል። ዕጣ ያልደረሰው አባል በስድስተኛው ወር ከፍሎ ቢለቅ ተተኪው ለእርሱ ስንት ይሰጣል? ለእቁቡስ ስንት ይቀረዋል?

ለ) 15,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ከግብር በኋላ ስንት ወለድ ይገኛል?

ሐ) በአፍ «ሦስት ሚሊዮን ተኩል» የተባለውን በአዲሱ ፓውንድ በአኃዝና በፊደል ጻፉ።

መልስ፦ ሀ) 2,400 እና 1,600 ፓውንድ፤ ለ) 997 ብር ከ50 ሳንቲም፤ ሐ) 3,500 (ሦስት ሺህ አምስት መቶ) ፓውንድ።