ስለ ፊት ቍስልና ስለ ልብ ኀዘን

ደብረ ብርሃን ብርዷ የበረታ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሄዳል፤ ስለ ምን ፊትህን ሸፈንህ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ነገር ግን ፀሓይ ሞቆ ሁሉም ሲገለጥ አንዱ ብቻ ተሸፍኖ ቢቀር፥ ምናልባት የሚሸሸው ከብርድ ሳይሆን ከሰው ዓይን ነው።

ፊትን ከሚያበላሹት ደዌዎች አንዱ ኖማ ይባላል፤ በአገራችንም ይገኛል። ይልቁንም ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን፥ ምግብ ያነሳቸውንና በኩፍኝ ወይም በሌላ ሕመም የደከሙትን ሕፃናት ይይዛል። አስቀድሞ ድድ ይቈስላል፥ ይደማል፥ አፍም ይሸታል። ቀጥሎ ጉንጭ ያብጣል፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ሥጋው ጠቍሮ ይሞታል፥ አጥንቱም ይገለጣል። ሳይታከሙ ከቀሩት 100 ሕፃናት እስከ 90 የሚደርሱት ይሞታሉ። ወላጆች እርግማን መስሏቸው ሕፃኑን የሚሸሽጉበት ጊዜ አለ፤ ደዌው ግን እርግማን አይደለም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ድዱ ገና ሲቈስል ሐኪም ቢያየው፥ ተሕዋስያንን በሚገድል መድኃኒት፥ አፍን በማጠብና በመልካም ምግብ ይድናል።

ሥሩ ረኀብና ድኽነት ለመሆኑ ኤውሮፓ ምስክር ናት። በዚያ ሕዝቡ ጠግቦ መብላት ሲጀምር፥ ፔኒሲሊን ገና ሳይታወቅ፥ ኖማ እየጠፋ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በኦሽዊትዝ በታሰሩት ሕፃናት መካከል እንደ ገና ተነሣ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ደዌ ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋራ የቈጠረው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እጅግ ዘገየ።

ከሞት የተረፈውም ዕዳው አላለቀለትም። መንጋጋው ተቈልፎ አፉን መክፈት የሚሳነው፥ ከፈሳሽ በቀር የማይውጥ አለ። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ እንዲህ ያሉትን ሲያስታክም ቈይቷል። ሐኪሞቹ ከክንድ ወይም ከጭን ሥጋና ቈዳ ወስደው በጎደለው ጉንጭ ላይ ይተክላሉ።

ስለ ልብ ግን ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር የሚያስደንቅ ነው። የጠባሳው ትልቅነት የኀዘኑን ትልቅነት አይናገርም። ጥቂት ምልክት ብቻ ያለበት ሰው ከቤት ሳይወጣ ሲቀር፥ ፊቱ እጅግ የተጐዳው ከባልንጀሮቹ ጋራ ተጫውቶ ሊያድር ይችላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዙሪያው ካሉት ሰዎችና፥ ሰዎች እንዴት ያዩኛል ብሎ እርሱ ራሱ ከሚያስበው ነው። አንዱ አፍጥጦ ያየዋል፤ ሌላው አይቶ እንዳላየ ፊቱን ያዞራል፤ ሁለቱም ያቈስሉታል። እንደ ማንኛውም ሰው ዓይኑን እያየ፥ «እንደ ምን አደርህ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው?» የሚለውን ጎረቤት ግን ሳይሸሽ ቆሞ ይመልስለታል። ጉንጩ ከተጠገነለት በኋላ እንኳ በገበያ መካከል ነጠላውን ከአፉ ለማውረድ የሚፈራ አለና፥ በሽተኛው ከሐኪም ቤት ወጥቶ አገሩ ሲገባ የቀረው ሕክምና በእነዚህ ጎረቤቶች እጅ ነው።