የእግዚአብሔርን ዕቃ ጦር እንልበስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ክርስቲያን ስለሚለብሰው የጦር ልብስ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች መልእክቱን ሲጽፍ ስለ ወንጌል ታስሮ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ የሮም ወታደር ወገቡን ታጥቆ፣ ደረቱን በጥሩር ሸፍኖ፣ ራስ ቁር ደፍቶ፣ ጋሻና ሰይፍ ይዞ ይዘምት ነበር። ሐዋርያው ይህን ምሳሌ አድርጎ በምዕራፍ 6 ከቁጥር 10 እስከ 18 ስለ መንፈሳዊ ውጊያ አስተማረ። ጠላታችን ዲያብሎስ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ስለዚህ በማንም ላይ እጃችንን አናነሣም።

ዕቃ ጦሩ የሚከተለው ነው፦

1. የእውነት መታጠቂያ፦ ልብሱን ያልታጠቀ ሰው ሲሮጥ ልብሱ ይጠልፈዋል። ውሸትም እንዲሁ ይጥለናል።
2. የጽድቅ ጥሩር፦ መልካም ሥራ ልባችንን ከክፋት ይጠብቃል።
3. የሰላም ወንጌል ጫማ፦ የተጣሉትን ለማስታረቅ ፈጥነን እንሄዳለን።
4. የእምነት ጋሻ፦ ዲያብሎስ የሚወረውረውን የፍርሃትና የጥርጥር ፍላጻ እንመክትበታለን።
5. የመዳን ራስ ቁር፦ ክርስቶስ እንዳዳነን ዘወትር እናስባለን።
6. የመንፈስ ሰይፍ፦ ይህ የእግዚአብሔር ቃል ነው። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ሲፈተን ዲያብሎስን ድል የነሣው ቅዱስ ቃሉን ጠቅሶ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለብሰው በጸሎት ነው።

እስኪ አስቡ። ኳስ ስትጫወቱ የጎረቤት መስኮት ሰበራችሁ እንበል። ማንም አላያችሁም። የቤቱ እመቤት ግን ወጥተው ጓደኛችሁን ያዙት። እርሱ እያለቀሰ «እኔ አይደለሁም» ይላል። በልባችሁ ደግሞ «ዝም በሉ፤ ማን ያውቃል?» የሚል አሳብ ይመጣል። ልጆች፣ ውጊያው ይህ ነው! ያን ጊዜ አማትቡ፤ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» በሉ። ከዚያም ቀርባችሁ «እትዬ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላችሁ ተናገሩ።

ምናልባት ይቆጧችሁ ይሆናል፤ ወላጆቻችሁም ይቀጧችሁ ይሆናል። «እውነት ተናግሬ ለምን እቀጣለሁ? እግዚአብሔር ለምን አልረዳኝም?» ትሉ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ረድቷችኋል፤ እውነቱን ለመናገር ብርታት የሰጣችሁ እርሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቱ። ስለ ዕቃ ጦር ካስተማረ በኋላ ምእመናን እንዲጸልዩለት ለመነ። የለመነው ግን ሰንሰለቱ እንዲፈታለት አልነበረም፤ ወንጌልን ያለ ፍርሃት ለመናገር እንዲችል ነበር እንጂ። ሠለስቱ ደቂቅም እግዚአብሔር ከእሳቱ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖት እንደማይሰግዱ ለንጉሡ ነገሩት።

እንግዲህ በእግዚአብሔር መታመን ማለት «ምንም አይደርስብኝም» ማለት አይደለም። «ቢደርስብኝም እርሱ አይተወኝም» ማለት ነው።

ከዚህ በፊት የዋሸ ልጅ ካለ ተስፋ አይቁረጥ። ዛሬ ሄዶ እውነቱን ይናገር፤ ለንስሐ አባቱም ይንገር። የወደቀ ወታደር ተነሥቶ ይዋጋልና።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ስድስቱን የዕቃ ጦር ክፍሎች በቃላችሁ ተናገሩ።
2. ቅዱስ ጳውሎስ ምእመናን ስለ ምን እንዲጸልዩለት ለመነ?
3. በዚህ ሳምንት እውነት መናገር የከበዳችሁ መቼ ነው? ምን አደረጋችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።