ከመጽሐፉ ጋር አትሸጥም

ወጣት፦ አቦይ፣ ስለ አርሆ፣ በግመል ጨው ስለሚያመጡት ነጋዴዎች፣ የሠራሁትን የሚና ጨዋታ ጓደኞቼ ሞክረው ወደዱት። የደንብ መጽሐፉን ላሳትም ነው።

አዛውንት፦ ሲጫወቱ አንተ የት ነበርክ?

ወጣት፦ አብሬያቸው። ተራኪው እኔ ነኝ። እነሱ ነጋዴ፣ መንገድ መሪ፣ ግመል ነጂ ሆነው ከአፋር ጨው ጭነው፣ በበራህሌ አድርገው መቀሌ ለመግባት ይታገላሉ። ያልገባቸውን አስረዳለሁ።

አዛውንት፦ እንግዲያው የተፈተነው ምላስህ እንጂ ጨዋታው አይደለም። አዲግራት ያለ ገዢ ግራ ሲገባው አንተን ከየት ያመጣል? አንተ ከመጽሐፉ ጋር አትሸጥም!

ወጣት፦ ደንቡ እኮ ግልጽ ነው።

አዛውንት፦ ለጻፈው ሰው ምን ግልጽ ያልሆነ አለ? የእኛን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ተመልከት። መነሻው ላይ ወረራ አለ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ። አይቶ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። እንግዳው ግን ካልተጻፈለት ተራውን ሲጠብቅ ያልቅለታል።

ወጣት፦ ታዲያ እንዴት ልፈትነው ይላሉ?

አዛውንት፦ ስለ ጨዋታው ሰምተው ለማያውቁ ሰዎች መጽሐፉን ስጥ፤ ተራኪውም ከእነሱ ይሁን። አንተ ጥግ ይዘህ ጻፍ፤ አፍህን ግን አትክፈት። የት ላይ ገጽ ወደ ኋላ እንደገለጡ፣ የት ስልካቸውን እንዳወጡ፣ የትኛውን ደንብ ከራሳቸው እንደፈጠሩ ያዝ። ተመልካችም አታስጠጋ። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ በ1805 እ.ኤ.አ. ሕንጣሎ ላይ የትግራይ ገዢ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል፤ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ እየጮኸ አስተያየት ይሰጥ ነበር። ለጨዋታ ደስ ይላል፤ ለፍተሻ ግን አይበጅም።

ወጣት፦ «ውኃ ሲያልቅ ዳይስ ይጣል» የሚለውን ደንብ እንኳ የሚስተው የለም።

አዛውንት፦ የማን ውኃ? የሰውየው ነው የግመሉ? የሚጥለውስ ማን ነው?

ወጣት፦ እሱን... በቃል ነበር የምነግራቸው።

አዛውንት፦ አየህ።

ወጣት፦ አንዱ ደግሞ ጨውና ግመሉን በራህሌ ላይ ሸጦ፣ መቀሌ ሳይደርስ አሸነፈ። ሁለተኛ አልጠራውም።

አዛውንት፦ እሱንማ ቀድመህ ጥራው! ቀዳዳውን በነጻ አሳየህ። የበራህሌን ዋጋ አውርድና እንደገና አጫውተው። ሌላ ነገር አብረህ ከነካካህ ግን የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ደጋግሞ መፈተን አያሳፍርም፤ የታወቀው የሚና ጨዋታ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚዎች እንኳ የ2014 እ.ኤ.አ. እትማቸውን ከ2012 ጀምረው ረቂቁን ለሕዝብ በትነው ነው ያስፈተኑት።

ወጣት፦ ሳይወዱት ቢቀሩስ?

አዛውንት፦ «ወደዳችሁት ወይ?» አትበል። ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ ቡና አፍልተህ ከጋበዝካቸውማ ተወው። «ቀጥሎ ምን ልታደርጉ አስባችሁ ነበር?» በላቸው። መልስ ካጡ ጨዋታው እዚያ ጋ ሞቷል።

ወጣት፦ ማተሚያ ቤቱን እኮ ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።

አዛውንት፦ ደውልና አራዝመው። መጽሐፉን እዚህ ተወው፤ ማታ የልጅ ልጆቼ ይሞክሩታል። አንተ እንዳትመጣ።